የኮምፒዩተር ዕድሜና የአካባቢያችን ጤንነት

(ለዕጩ መምህራን የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

መግቢያ

እንደሚታወቀው ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና በመምህራን ማሠልጠኛዎች «ዲጂታል» የማይባል ሥራ የለም። ምዝገባው በኮምፒዩተር ነው፤ ውጤት የሚታየው በስልክ ነው፤ ሞጁሉ የሚላከው በቴሌግራም ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ፈጥኗል። ይህ በጎ እርምጃ ነው። ወደ ስቴንስልና ወደ ማባዣ ቀለም እንመለስ የሚል ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ሳይነሡ የሚታለፉ ጥያቄዎች አሉ። ይህ ሁሉ ዕቃ ምን ወጥቶበት ተሠራ? ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲበላሽስ የት ይገባል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሥራው ስለቀለለልን ብቻ ጉዳቱን ሳናይ እንዳንቀር እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት ግድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በእኛ አገር ዲጂታል ሥራ አካባቢን በይበልጥ የሚጎዳው በሚበላው መብራት አይደለም፤ ዕቃው ያለ ዕድሜው በመሞቱና ከሞተም በኋላ መቀበሪያ በማጣቱ ነው። ስለሆነም ዓይናችንን ከሶኬቱ ይልቅ ወደ ግምጃ ቤቱ እናዙር እላለሁ።

1. ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የምንማረው

ከጉርድ ሾላ ቆመን ወደ ሰሜን ብንመለከት የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየናል። ዛፉ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አልቆ ስለነበር፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል ቀረች።

ታዲያ ውለታው እንዳለ ሆኖ ዕዳም አመጣ። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ውሃ ይመጥጣል፤ ዳገቱ ላይ አፈር የሚይዝ ነገር ሲጠፋ ጎርፍ ይጠርገዋል። ስለዚህ ነው ዛሬ በእንጦጦ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መልሶ ለመትከል ብዙ የሚደከመው። የሰፈራችን ስም ራሱ ምን ይላል? «ጉርድ ሾላ»! ስሙ እንደሚናገረው ሾላው ተቆርጧል፤ ለእኛ የቀረን መጠሪያው ነው።

ከዚህ የምንማረው ባሕር ዛፍ መጥፎ ነው ማለትን አይደለም። የምንማረው ማንኛውም መፍትሔ ሲመጣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው መሥራት እንደሚገባ ነው። ኮምፒዩተርም እንደዚያው ነው።

2. የመብራቱ ሒሳብ

በመጀመሪያ መብራቱን እንይ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የድንጋይ ከሰል አንድደው ኮምፒዩተር ከሚያሠሩ አገሮች ጋር ስንተያይ፣ እኛ ከሶኬት የምንወስደው ኃይል ጭሱ እጅግ አነስተኛ ነው።

እንዲህ ሲባል ግን መብራት ይባክን ማለት አይደለም። ውሃም ያልቃል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር በጊቤ 3 ግድብ ውሃው በመቀነሱ መብራት በፈረቃ እንደነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከዚህም ሌላ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተር ይነሣል፤ ጀኔሬተር ደግሞ ናፍጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል 40 ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። ማታ ሳይጠፉ ቢያድሩ፣ እያንዳንዱ ከነስክሪኑ ያለ ሥራ 60 ዋት ቢበላ፦

40 × 60 ዋት = 2,400 ዋት፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ዋት።
ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 2 ሰዓት 14 ሰዓት ነው። 2.4 × 14 = 33.6 ኪሎ ዋት ሰዓት።

ይህ ምን ያህል ነው? 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ9 ሰዓት ተኩል ያህል ሳያቋርጥ እንጀራ ቢጋገርበት የሚፈጀው ኃይል ማለት ነው። ይኸው ኃይል ከጀኔሬተር ቢመጣ፣ 1 ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ፣ 11 ሊትር ናፍጣ ይቃጠላል። ከ1 ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ በአንድ ሌሊት 30 ኪሎ ግራም አየር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ማን ተጠቀመበት? ማንም!

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ አለብኝ። እኔ ራሴ ባለፈው ሴሚስተር «ነገ ጠዋት እቀጥላለሁ» እያልኩ ኮምፒዩተሩን ሳላጠፋ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ስክሪኑ ሲጨልም የጠፋ ይመስለኝ ነበር።

3. የዕቃው ሒሳብ

ሁለተኛውና ከባዱ ሒሳብ ዕቃው ገና ሳይገዛ የተጀመረው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በፊት ባወጡት ጥናት፣ ባለ 17 ኢንች ወፍራም ስክሪን የሆነ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመሥራት ቢያንስ 240 ኪሎ ግራም ነዳጅ፣ 22 ኪሎ ግራም ኬሚካልና 1,500 ኪሎ ግራም ውሃ እንደሚፈጅ አስልተው ነበር። ውሃውን በምናውቀው መለኪያ ብናስቀምጠው 75 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃ በተራ ለሚቀዳበት ሰፈር ልጅ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አያሻውም።

የዛሬው ኮምፒዩተር ስክሪኑ ስለ ቀጠነና አሠራሩ ስለ ተለወጠ ቁጥሩ ይለያያል። መሠረታዊው ነገር ግን አልተለወጠም። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ብክለት አብዛኛው የሚመጣው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። መብራቱ ከውሃ በሚመነጭበት እንደኛ ባለው አገር ደግሞ የፋብሪካው ድርሻ ይበልጥ ይገዝፋል።

ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ማካፈል ይሆናል። 240 ኪሎ ግራም ነዳጅ የተቃጠለበት ኮምፒዩተር 4 ዓመት ቢሠራ ለእያንዳንዱ ዓመት 60 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። 8 ዓመት ቢሠራ 30 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ሳንገዛ፣ ምንም ዓይነት ፈጠራ ሳናካሂድ፣ በአያያዝ ብቻ ጉዳቱን በግማሽ ቀነስን ማለት ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው አነጋገር ለኮምፒዩተርም ይሠራል።

አንዳንዱ ጓደኛችን «ፋይሌን ክላውድ ላይ ስለማስቀምጥ እኔ ምንም አላባክንም» ይላል። ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ ነገር ግን ይህኛው ደመና ሰማይ ላይ አይደለም። ፎቶውና ቪዲዮው የሚቀመጠው አንድ ቦታ በቆመ የዳታ ማዕከል ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም የዳታ ማዕከሎች 415 ቴራ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ፈጅተዋል። ይህም የዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። አንዱን የ200 ገጽ ሞጁል ሃምሳ ጊዜ ከማውረድ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ መቀባበል ይሻላል የምንለውም ለዚህ ነው። ለኪሳችንም ይበጃል!

4. ሲሞት የት ይቀበራል?

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። ከዚህ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋል እንደበቃ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረውስ? ወይ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ቤትና ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል።

በአገራችን ተቆልፎበት የሚቀመጠው ይበዛል። ሁላችንም የምናውቀውን ምሳሌ ላንሣ፦ ፕላዝማ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት እንዲሰጥ ትላልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ታላላቆቻችን በእነሱ ተምረዋል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግን ፕላዝማው ሲሠራ አይቼው አላውቅም። የብረት ሣጥኑ ነበረ፤ መምህራችን ጠመኔና ዳስተር ያስቀምጡበት ነበር። የኮምፒዩተር ክፍላችንም ቢሆን በላስቲክ የተሸፈኑ ሃያ ያህል ኮምፒዩተሮች ነበሩበት። ከመስኮቱ ውጪ እናያቸው ነበር። «ንብረት ነው፣ እንዳይበላሽ» ተብለን አራት ዓመት ጨርሰን ወጣን። እነሱ ሳይነኩ አረጁ፤ እኛም ሳንነካ ተመረቅን።

እንግዲህ ልብ በሉ። 75 ጀሪካን ውሃ የፈሰሰበት ዕቃ አንድ ተማሪ እንኳ ሳያስተምር ቆሻሻ ሆነ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ብክነት ይኸ ነው።

ከግምጃ ቤት የወጣውስ ዕድሉ ምንድን ነው? ከየቤቱ የተጣለውን ቁራሌው ይገዛል። ቁራሌው ለከተማችን ባለውለታ ነው፤ ብረቱ፣ ጠርሙሱና ላስቲኩ በእሱ ትከሻ ተጉዞ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ግን አደጋ አለ። የኮምፒዩተር ሽቦ ውስጥ ያለውን መዳብ ለማግኘት ላስቲኩን በእሳት ማቃጠል የተለመደ ነው። የሰፈሬ ልጆች ወንዝ ዳር ሲያነዱት አይቻለሁ፤ ጭሱ ጥቁርና የሚያንቅ ነው፤ ልጆቹ ግን እየሳቁ ከበውት ይቆማሉ። በአሮጌው ወፍራም ስክሪን መስታወት ውስጥ ደግሞ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት አለ። ከአፈርና ከውሃ ጋር ከተቀላቀለ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

«መጣል» የምንለው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ በዚያም ቦታ ሰው ይኖራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ ወዲህ «ጣለው፣ ይወሰዳል» የሚለውን ቃል በቀላሉ ልንናገረው አይገባም።

5. በግቢያችን የሞከርነው

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር የሆነ ነገር ነው። አራት ሆነን፣ በመምህራችን ፈቃድና በቤተ ሙከራው ረዳት ተቆጣጣሪነት፣ «አይሠሩም» ተብለው ጥግ የተቀመጡ ስድስት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችን ከፈትን። የሁሉም ሆድ አቧራ ነው። በሥዕል ብሩሽ ጠረግን። የአንደኛው ችግር ራሙ ነበር፤ አውጥተን የመዳቡን ጥርስ በላጲስ ጠርገን መለስነው። ተነሣ! የሁለተኛው ማራገቢያ በአቧራ ታንቆ ነበርና ሲጸዳ ሠራ። ለሦስተኛው የኃይል ሣጥኑን ሳንከፍት እንዳለ ከሌላ ኮምፒዩተር አውጥተን ቀየርንለት። የቀሩት ሦስቱ አልዳኑም፤ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናሉ።

ሦስቱን ካስነሣን በኋላ ሌላ ችግር መጣ። የነበራቸው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም። በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ አካላቸው ጤነኛ የሆነ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች «አርጅተዋል» ሊባሉ ነው። እኛ ግን ሊኑክስ ጫንባቸው። ክፍያ የለውም፤ ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ በአማርኛም ይጻፍበታል።

ደስ ብሎን የቀሩትን ለመጠየቅ ወደ ግምጃ ቤት ሄድን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አባት የሚሆኑን ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ያሉትን አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንድናያቸው ይፈቀድልን» አልናቸው። እሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ እኔ በሞዴል 19 ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው። ቢሠራም ባይሠራም ቁጥሩ መሙላት አለበት። አንድ ብሎን ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ከደመወዜ ነው» አሉን።

መጀመሪያ ተናደድን። ቆይተን ስናስበው ግን እውነታቸውን ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 አለው፤ ወደ ሥራ ሲወጣ ሞዴል 22 አለው። ሲሞት ግን ከመዝገብ እስኪሰረዝ ድረስ ብዙ ደብዳቤ፣ ብዙ ፊርማና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ማስወገድን የደፈረ ይጠየቃል፤ ቆልፎ ያስቀመጠ ግን አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገራችን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ላይ የወጣ ጥናትም ያረጁ ዕቃዎች በብዛት በየመሥሪያ ቤቱ ተከማችተው እንደሚገኙ አመልክቷል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ የግምጃ ቤት ኃላፊ አይደለም። ጉድለቱ ያለው ዕቃ ስንገዛ መውጫውን ሳናስብ መግዛታችን ላይ ነው።

6. ምን ይደረግ?

ሀ) ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል? ማን ይጠግነዋል? ስንት ዓመት እንዲያገለግል ታስቧል? በስጦታ የሚመጣ አሮጌ ኮምፒዩተርም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ስጦታ ነው ተብሎ የሌላው አገር ቆሻሻ እንዳንረከብ።

ለ) እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የጤና ካርድ ይኑረው። የገባበት ቀን፣ የተጸዳበት ቀን፣ የተቀየረለት ዕቃ ይጻፍበት። ሕፃን የክትባት ካርድ አለው፤ የ75 ጀሪካን ዕቃ ለምን አይኖረውም?

ሐ) በየሴሚስተሩ መጨረሻ የጽዳትና የጥገና ቀን ይሁን። አቧራ፣ ሙቀትና የመብራት መዋዠቅ የኮምፒዩተር ሦስት ጠላቶች ናቸው። ሁለቱን በብሩሽና መስኮት በመክፈት፣ ሦስተኛውን በስታቢላይዘር እንከላከላለን። ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ወፍራም ስክሪንና የኃይል ሣጥን ማንም ሠልጣኝ አይክፈት። ከሶኬት ከወጡም በኋላ ገዳይ ኃይል ሊይዙ ይችላሉ።

መ) ከመምህራን፣ ከንብረት ክፍልና ከሠልጣኞች የተውጣጣ ኮሚቴ በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃዎቹን በሦስት ይለይ፦ የሚሠራ፣ የሚጠገን፣ የሚወገድ። የሚወገደው ደግሞ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ይሰረዝ፤ ኃላፊውም በነፃነት ይተንፍሱ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ በኩል የኮምፒዩተር ማደሻና መፍቻ ማዕከል መቋቋሙ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሥራው በአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ራሱ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ነው። ሕጉ ካለ እንጠቀምበት።

ሠ) ከክፍል የመጨረሻው ወጪ ያጥፋ። ስክሪኑ ስለ ጨለመ አንታለል፤ መብራቱ ከሣጥኑ ላይ መጥፋቱን እንይ።

ማጠቃለያ

ከጉርድ ሾላ ብዙ ሳንርቅ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አሉ። ከእነዚህና ከመሰል ተቋማት የሚወጣው ሰው ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ፈርሞ ንብረት የሚረከብ ነው። እኛም ዕጩ መምህራን እንደዚያው ነን። አንዳንዶቻችን መብራት ገና ወደገባበት ወረዳ እንመደባለን። እዚያም በላስቲክ የተሸፈነ ኮምፒዩተር ይጠብቀናል፤ በመስኮት የሚያዩት ተማሪዎችም ይጠብቁናል። ያን ጊዜ ቁልፉ በእጃችን ነው።

አካባቢን መጠበቅ ዛፍ መትከል ብቻ አይደለም። የተሠራን ነገር እስከ ዕድሜው ጫፍ ማሠራት፣ ሲያልቅም በክብር ማስወገድ ራሱ ዛፍ እንደ መትከል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ግምጃ ቤቶቻችን ሳይሞሉ፣ ልጆቻችንም ሽቦ ሳያነዱ ከአሁኑ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ስንት ኮምፒዩተር ነበረ? ስንቱ ይሠራ ነበር? ያልሠራው ለምን ነበር?
2. 30 ኮምፒዩተሮች፣ እያንዳንዳቸው 50 ዋት እየበሉ፣ ለ12 ሰዓት ያለ ሥራ ቢቆዩ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይባክናል? ኃይሉ ከጀኔሬተር ቢመጣ ስንት ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል?
3. አንድ የግምጃ ቤት ኃላፊ «ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» ቢላችሁ፣ ሕጉን ሳትጥሱ ንብረቱን ለተማሪዎች ጥቅም እንዴት ታውሉታላችሁ?
4. ባሕር ዛፍና ኮምፒዩተር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

መልሳችሁን እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ከዚሁ ሰሌዳ ሥር በሚገኘው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። መምህራኖቻችንም ስሕተት ያያችሁበትን ቦታ በቀይ እስክሪፕቶ እንድታርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።